ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም

ከጆርጂያ ጠረፍ
ማርች 4፣ 2014

አባዬ፣

ደብዳቤህ ከነምርቃቱ ደርሶኛል። ምርቃቱን ሁለት ጊዜ፣ ቁጣውን አንድ ጊዜ አነበብኩት። እኔ ደህና ነኝ፤ መዳፌ ብቻ ትንሽ ተልጧል።

የጠየቅኸኝን በተራ ልመልስልህ። አዎ፣ ጓደኛህ ፊልጶስ ያየው እውነት ነው። ዓሣ ሊያጠምድ መጥቶ በአጥሩ በኩል ሲያየኝ ጀልባ እያጠብኩ ነበር። «ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ ብሩሽ ይዛ» እያለ ለዲኬተር ሰው ሁሉ ማውራቱን ከአንተ ሰማሁ። ብሩሽ ብቻ አይደለም፣ መፋቂያም አላት በለው። የጀልባ ሆድ ላይ እንደ ሲሚንቶ የሚጣበቅ የባሕር ቅርፊት አለ፤ እሱን ስፍቅ ነው የምውለው።

«ጀልባ አጋጭተሻል ወይ?» ብለሃል። አላጋጨሁም። ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ቡድን ልዩ ሥራ አለው፤ ትልቅ መርከብ ወደብ ሲገባ ቀድመን ወጥተን ዙሪያውን እንጠብቃለን፣ ማዕበል ሲመታ ደግሞ ሰው እናወጣለን። ጀልባ የሚነዳው ፈተና ያለፈ ብቻ ነው። እኔ የልምምድ ሰዓቴን ሞልቼ ፈተናውን እየጠበቅኩ ነበር። ጃንዋሪ ላይ አንድ ጠዋት ጉም ወረደ። ጀልባው ላይ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ታይለር የሚባለው ጓደኛዬና አለቃችን ቺፍ ዶላን። በመዝገቡ ላይ የዕለቱ ተለማማጅ ነጂ እኔ ነበርኩ። መሐል መንገድ ላይ ግን ዶላን «ታይለርም ሰዓት ይሙላ» ብሎ ከመሪው አስነሳኝና ከጀልባው ፊት ቆሜ ጉሙን እንድጠብቅ አዘዘኝ። ለውጡን አልጻፈውም። ታይለር ምሰሶ ገጨ።

ከሰዓት በኋላ ዶላን ወረቀት አመጣልኝ። «ፈርሚ» አለኝ።
«ምን ይላል?»
«ነጂዋ አጠፋች ይላል። መዝገቡም እንደዚያ ነው የሚለው።»
«መዝገቡ ይፈርምልህ» አልኩት።

ታይለር አጠገባችን ቆሞ ዝም አለ። ዶላን ስሜን ከፈተናው ዝርዝር ሰርዞ ወደ ማጠቢያው ላከኝ። እስከ ጁን መጨረሻ ካልተፈተንኩ ከቡድኑ ወጥቼ ቢሮ ውስጥ ወረቀት እንድመድብ ይመድቡኛል። የት መሰለህ? አትላንታ። ለእማዬ አትንገራት፣ ደስ ይላታል።

ይህን ሁሉ በስልክ ብነግርህ ይቀለኝ ነበር፤ ነገር ግን አምና ከተጯጯህን በኋላ «የምትዪው ካለሽ ጻፊልኝ፣ በወረቀት ላይ ሰው አይጮህም» ያልከው አንተ ነህ። እየጮህኩ መሆኔን ከእስክሪብቶው ጫና ታየዋለህ።

ልጅህ ሄራን

*

ከስቶን ማውንቴን
ማርች 12፣ 2014

ይድረስ ለልጄ ለሄራን፣

እንዴት ሰነበትሽ? መዳፍሽንስ እንዴት አደረገሽ? እናትሽ ቫዝሊን ልካለች፤ ለምን እንደሚያስፈልግሽ ጠይቃኝ «የባሕር አየር ነው» ብያታለሁ። በጾም ውሸት አስገባሽኝ።

አለማጋጨትሽን በመጀመሪያው መስመር አምኜሻለሁ። የቀረውን ያነበብኩት ለመናደድ ነው። በማግሥቱ የኤርፖርቱን ሻትል ስነዳ ሁለት ጊዜ ተርሚናል አለፍኩ። አንዱ መንገደኛ «ይህን ሕንፃ ቅድም አላየነውም?» አለኝ። «አትላንታ ሕንፃው ሁሉ ይመሳሰላል» አልኩት።

በጽሑፍ አቤቱታ ብታስገቢ የሚረዳሽ ሰው ይሆኑ እንደሆነ ብዬ፣ ወደ ጋሼ ኃይለመስቀል ሄጄ ነበር። አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት በጸሐፊነት የሠሩ ሰው መሆናቸውን ታውቂያለሽ፤ ዛሬ መኪና ማቆሚያ ቢጠብቁም አንደበታቸው ያው ነው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ስለ ወረቀቱ ምንም ሳይሉ የአለቃሽን ስም ከነአባቱ ጠየቁኝ። ከእሱ በላይ ያለችውን የአዛዧንም። መኪና ማቆሚያ በቅርብ እንዳለም ጠየቁኝ።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ሐጂ ሙዘይን ኖርክሮስ ያለችውን ሱቃቸውን ቀለም ቀቡ። የቫናቸውንም ጎማ አስቀይረዋል።

አባትሽ አምባቸው

*

ማርች 17፣ 2014

አባዬ፣

ይህን በፈጣን ፖስታ ነው የምልከው። ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ጋሼ ኃይለመስቀል የመኪና ማቆሚያ የሚፈልጉት ለምንድን ነው? ሐጂስ ጎማ ያስቀየሩት ወዴት ሊሄዱ ነው?

ሽማግሌ ልትልክ አስበህ ከሆነ ተው። ሽማግሌ ለጋብቻ ይላካል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ይላካል። ባለፈው ዓመት የኑሃሚን አባትና ባለ ሬስቶራንቱ ስለ አጥር ሲካሰሱ ተልኮ ጉዳዩን እንደጨረሰ አውቃለሁ፤ ያ አጥር ነው። ይህ የታጠቀ ቡድን ነው። በር ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው ቆሟል። «ከማን ጋር ቀጠሮ አላችሁ?» ሲላቸው ጋሼ ኃይለመስቀል ምን ሊሉ ነው? «ከእውነት ጋር» ነው የሚሉት፤ አውቃቸዋለሁ።

አቤቱታዬን ራሴ ጽፌ አስገብቻለሁ። አዛዣችን ኤፕሪል 9 ልትሰማኝ ቀጥራኛለች። ቃሌ ንጹሕ ነው፤ አንድ ጊዜም አልፈረምኩም፣ አንድ ጊዜም «ምናልባት» አላልኩም። ያለኝ ነገር ይህ ብቻ ነው። ማንም እንዳይነካብኝ።

ከመጠየቅህ በፊት፣ አዎ፣ እየጾምኩ ነው። ሩዝና ባቄላ። የኦቾሎኒ ቅቤ። የወጥ ቤቱ ሰው «ወተትም አይሆንም? ቅቤም?» ብሎ አዝኖልኝ አንድ ሙሉ አናናስ ሰጠኝ።

ሄራን

*

ማርች 24፣ 2014

ይድረስ ለልጄ፣

ደብዳቤሽ ዓርብ ደረሰኝ። ሰዎቹ ሐሙስ ሄደው መጥተው ነበር። ስለዚህ አትቆጪኝ፤ ከተቆጣሽም ፖስታ ቤቱን ነው።

እኔ አልሄድኩም። የልጅ አባት የራሱን ነገር ይዞ ሽማግሌ አይሆንም። የነገሩኝን ነው የምጽፍልሽ።

ጎህ ሲቀድ ከኖርክሮስ በሐጂ ቫን ተነሱ፤ ጋሼ ኃይለመስቀል፣ ሐጂና እትዬ ደጊቱ። እትዬ ደጊቱ የሄዱት «አዛዧ ሴት ከሆነች ሴት ሽማግሌ ያስፈልጋል» ብለው ነው። ሦስቱም ነጭ ነጠላ ለብሰው ነበር፤ ሐጂ ነጠላውን ከጋሼ ኃይለመስቀል ተውሰው። በሩ ላይ ያለው ወታደር ሲያያቸው የሚያደርገው ጠፋው አሉ። መታወቂያቸውን አየ፣ ደወለ፣ አንድ ቀይ ፀጉር ልጅ መጥቶ አስገባቸው።

አዛዧ ራሷ ተቀበለቻቸው። ዶላንም ተጠርቶ ነበር። ወንበር ቀረበ። ጋሼ ኃይለመስቀል በእንግሊዝኛ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። እሷ ወንበሩን የናቁ መስሏት ሌላ አስመጣች፤ ከቢሮዋ፣ የሚሽከረከረውን። አልተቀመጡም። ዶናት መጣ፤ ጾም ነው። ሐጂ ቢበሉ የሚከለክላቸው አልነበረም፣ ግን ጓደኞቻቸው ሳይበሉ እንዴት ይብሉ? የእትዬ ደጊቱ ጉልበት እንደምታውቂው ነው፤ ግድግዳ እንኳ አልተደገፉም። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆሙ። ቀዩ ልጅ ብቻ እየመላለሰ ውሃ ሰጣቸው፤ እትዬ ደጊቱም መረቁት።

በመጨረሻ አዛዧ «ያላችሁት በጽሑፍ ይያዛል» አለች። በጽሑፍ ከተያዘ መልካም ነው ብለው ተመለሱ። ጋሼ ኃይለመስቀል ደስ ብሏቸዋል። አንደበቴ ዝጎ መስሎኝ ነበር አሉ።

አባትሽ

*

ማርች 27፣ 2014

አባዬ፣

በጽሑፍ ተይዟል። ምን ተብሎ እንደተያዘ ልንገርህ፤ ዶላን ፈገግ ብሎ ግልባጩን ሰጥቶኛል። «የቤተሰቡ ተወካዮች ሄራን ማጥፋቷን አምነው ይቅርታ ጠይቀዋል።»

ጋሼ ኃይለመስቀል ምን ብለው እንደጀመሩ አሁን ገባኝ። ያው ሁልጊዜ እንደሚጀምሩት ነው። «ልጃችን አጥፍታለች፣ እኛም በርስዎ ፊት ቆመናል፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉን።» በእኛ ቤት ይህ የነገር መግቢያ ነው። እዚህ ግን ጥፋትን የማመን ቃል ነው። ቀን፣ ሰዓትና የሦስት ምስክር ስም አለበት።

ለሁለት ወር እጄ እስኪላጥ ያልፈረምኩትን፣ ሦስት ሽማግሌ ቆመው ፈረሙልኝ።

አትናደጂ እንዳትለኝ። ከአንድ ሳምንት በላይ ጠብቀህ «ይቅርታ» ብለህ እንዳትጽፍልኝም። እኔ አላጠፋሁም። ዘጠኝ ዓመቴ ሆኖ ዲቪ ደርሶን ስንመጣ፣ ትምህርት ቤት ልጆቹ እርሳስ ሰረቀች ሲሉኝ አንተ «ይቅርታ በያቸውና ይለፍ» አልከኝ። አልሰረቅኩም ነበር። ይቅርታ አልኩ። ዓመቱን ሙሉ ሌባ ነበርኩ። ያኔ ነው ለራሴ ቃል የገባሁት፤ ያላደረግኩትን አደረግኩ አልልም። ለሰላም ብዬም ቢሆን። ለአንተም ብዬ ቢሆን።

ኤፕሪል 9 ብቻዬን እገባለሁ። እባክህ ማንም አይምጣ።

ሄራን

*

ኤፕሪል 2፣ 2014

ልጄ፣

ይቅርታ አትበል ብለሻል። ስለዚህ ሌላ ቃል ፈልጌ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ።

ስለ እርሳሱ፤ አልረሳሁትም። ያኔ በመጣን በሁለተኛው ወር ነበር፤ ርዕሰ መምህሯን ፈርቼ ነው። አንቺ አልፈራሽም ነበር። ያንን ቀን እኔ ነኝ ያጠፋሁት።

ደብዳቤሽን ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ አነበብኩላቸው፤ አንድም ቃል አልቀነስኩም። ጋሼ ኃይለመስቀል መነጽራቸውን አወለቁ።  ቀጥለው ያሉትን እንዳለ እጽፍልሻለሁ፤ «ንገራት። አጠፋች ያልነው አጥፍታለች ብለን አይደለም። ያጠፋ ሰው ብቻውን አይናገርም፤ ያፍራል። ያላጠፋው ቀድሞ ጥፋቱን ሲያነሳለት ግን ሊቀመጥ አይችልም። ተነስቶ ‘የለም፣ የኔ ነው’ ይላል። እኛ ቦታውን ጠርገንለት ነው የመጣነው። እንግሊዝኛው ይህን እንደማይዝ አላሰብኩም። ያ የኔ ጥፋት ነው።»

ሐጂም «ቦታው ተጠርጓል፣ የሚቆምበት ሰው ነው የጠፋው» አሉ።

እትዬ ደጊቱ ግን አንድ ነገር ተናገሩ፤ ምን እንደሚጠቅም አላውቅም። ውሃ ያመላለሰው ቀይ ልጅ በሦስተኛው ጊዜ ግማሹን መሬት ላይ አፈሰሰው። ሲመርቁት ዓይኑ እንባ ሞላ። «አንድ ነገር ሆዱን ይበላዋል» አሉ። ስሙን አልጠየቁትም።

ብቻሽን ግቢ። እኔ በዚያ ሰዓት ሻትሌን ተርሚናሉ ፊት ፓርክ አድርጌ እጠብቃለሁ። መንገደኛ ቢያለቅስም አልነዳም።

አባትሽ

*

ኤፕሪል 11፣ 2014

አባዬ፣

ቀይ ፀጉር፣ የጆሮው ጫፍ በፀሐይ የተላጠ? ታይለር ነው። ደብዳቤህ የደረሰኝ ለስብሰባው ግማሽ ሰዓት ሲቀረኝ ነበር፤ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ማን እንደሆነ ገብቶኝ እየሳቅኩ ገባሁ። ዶላን መሳቄን አልወደደውም።

አዛዧ ወረቀቷን ገልጣ «ቤተሰብሽ አጥፍታለች ብለዋል» አለች።
በአጭሩ «ላጠፋው ሰው ቦታ ሊጠርጉለት ነው የመጡት» ልል ነበር፤ በእንግሊዝኛ አልወጣልኝም። የጋሼ ኃይለመስቀልን ቃል እንዳለ ተረጎምኩላት።
«ዋሹ ማለት ነው?»
«አልዋሹም። ጥፋቱን አንስተው ያዙት፤ ባለቤቱ መጥቶ እስኪቀበላቸው።»
«ባለቤቱ ባይመጣስ?»
«ቆመው ይቀራሉ» አልኩ። «አይተዋቸዋል። የሚሽከረከረው ወንበር ላይ እንኳ አልተቀመጡም።»

 ዶላን ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ታይለር፣ ለምስክርነት ተጠርቶ በሩ አጠገብ የተቀመጠው፣ ብድግ አለ።

«ማዳም፣ የነዳሁት እኔ ነኝ። ቺፍ ነው የቀየረን። እሷ ከፊት ቆማ ምሰሶ አለ ብላ ጮኻለች፤ እኔ አልሰማሁም። ያቺ እናት ጉልበቷ እያመማት ለኔ ጥፋት ሁለት ሰዓት ተኩል ቆመች። ውሃ ስለሰጠኋት ደግሞ ጭንቅላቴን ዳብሳ አመሰገነችኝ። ከዚያ ወዲህ ወንበር ላይ ተረጋግቼ መቀመጥ አልቻልኩም።»

ዶላን ጫማውን አየ። አዛዧ የቤተሰቡን ቃል ከፋይሉ አላወጣችውም፤ ከሥሩ በእጇ ጻፈችበት። ምን እንደጻፈች አሳየችኝ፤ «ተሰምቷል።» ዶላን ከጀልባዎቹ ተነስቶ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄደ። ስሜ ወደ ፈተናው ዝርዝር ተመለሰ።

ይህ ሁሉ ሽማግሌዎቹ ልክ ነበሩ ማለት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልክ ነበሩ። ለጋሼ ኃይለመስቀል እንዳትነግራቸው፤ ሌላ ጦር ሰፈር ፍለጋ ይሄዳሉ።

ለታይለር ወዲያው አልሳቅኩለትም። በማግሥቱ ራሱ ብሩሽ ይዞ ማጠቢያው መጣ። ቅርፊት የሞላባትን ጀልባ መርጬ ሰጠሁት። ከሰዓት ሲሆን «በእናንተ አገር ይቅርታ እንዴት ነው የሚጠየቀው?» አለኝ። «በድሮ ጊዜ ድንጋይ በጫንቃ ተሸክመህ ደጅ ትቆማለህ» አልኩት። እየቀለድኩ ነበር። «ስንት ኪሎ?» አለኝ።

ስለ እርሳሱ የጻፍከውን አራት ጊዜ አነበብኩት። በኪሴ ነው።

ሄራን

*

ኤፕሪል 29፣ 2014

ይድረስ ለልጄ ለሄራን፣

እንኳን አብሮ ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰን። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን በደስታ የኤርፖርቱን ፓርኪንግ ሁለት ጊዜ ያስዞርኳቸው ስድስት መንገደኞች ምክንያቱን ሲሰሙ አጨበጨቡልኝ።

ቀልድሽ ስቶን ማውንቴን ደርሷል። በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ሽማግሌዎቹ እኔ ቤት እያሉ በር ተንኳኳ። ብከፍት ቀይ ፀጉር ልጅ፣ ሙሉ ዩኒፎርም ለብሶ፣ በጫንቃው የሰው ጭንቅላት የሚያክል ድንጋይ ተሸክሞ። ከመኪናው ያወረደው መንገድ ላይ ነው፤ ጎረቤቶች ሁሉ ወጥተው አዩት። ሐጂ «አምስት ሰዓት ነድቶ፣ ድንጋይ ወደ ስቶን ማውንቴን፣ ወደ ድንጋይ ተራራ» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

እትዬ ደጊቱ ግን አልሳቁም። ሄደው ድንጋዩን ከጫንቃው በእጃቸው አወረዱለት። ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። ከዚያ አበሉት። እናትሽ ሦስት ጊዜ ጨመረችለት፤ እምቢ ማለት እንደሚቻል ማንም አልነገረውም። ሲሄድ ጋሼ ኃይለመስቀል ግንባሩን ሳሙት። ድንጋዩን ሐጂ ወሰዱት፤ ኖርክሮስ የሱቃቸውን በር እንዳይዘጋ ያደርጉበታል። ደንበኛ ሲጠይቃቸው ታሪኩን ከነጎማው ነው የሚጀምሩት።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ጋሼ ኃይለመስቀል ጉዳዩ በወጉ አልተዘጋም ይላሉ። ሽማግሌ ቆሞ የለመነበት ደጅ ተመልሶ ካልተቀመጠበት ነገሩ እንደተከፈተ ነው። እኔም አንቺ ስትነጂ አላየሁም። ፈተናው መቼ ነው? ብትወድቂም ጻፊልኝ። በስልክም ብትነግሪኝ ይቻላል፤ አልጮህም።

አባትሽ አምባቸው

*

ጁን 16፣ 2014

አባዬ፣

በስልክ ልነግርህ ደውዬ ነበር፤ እማዬ አንስታ ከጮኸች በኋላ መስመሩ ተቋረጠ። ስለዚህ የሰማኸው ነገር ግልጽ ላይሆን ይችላል። አልፌያለሁ። በፈተናው ቀንም ጉም ነበር፤ አዛዧ «ሌላ ቀን እናድርገው?» ብላኝ «ዛሬ ነው የምፈልገው» አልኳት። ታይለር ከጀልባው ፊት ቆሞ ምሰሶ በታየ ቁጥር ጎረቤት አገር እስኪሰማ ይጮህ ነበር።

የአትላንታው ቢሮ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። እማዬን አጽናናት።

አሁን ለጠየቅኸኝ ለዋናው ነገር። ቅዳሜ ጁን 28 የቤተሰብ ቀን ነው። ቤተሰብ ወደቡን በጀልባ ይዞራል፤ የእኛን ጀልባ የምነዳው እኔ ነኝ። አራት መቀመጫ አስይዣለሁ፤ ለአንተና ለሦስቱ። እማዬ ውሃ ላይ እንደማትወጣ አውቃለሁ፤ ዳር ላይ ሆና እንድታጉረመርም ጥላ ያለበት ቦታ መርጬላታለሁ። ሐጂ ቫኑን ከበሩ በስተግራ ፓርክ ያድርጉ፤ የበሩ ወታደር አሁን ያውቃቸዋል፣ «ነጭ ለባሾቹ መቼ ይመጣሉ?» እያለ ይጠይቀኛል። እትዬ ደጊቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያጥብቁት፤ ነፋሱ ከባድ ነው፤ ላይፍ ጃኬቱንም ከላዩ ራሴ አስርላቸዋለሁ። ለጉልበታቸው መወጣጫ ሠርተናል። ታይለር ነው የሠራው። ዐቢይ ጾም ስላለፈ ዶናት ይኖራል፤ እዚያ ላይ የሰኔን ጾም አስታውሳ እማዬ እንዳትረብሽ፣ ለጿሚው አናናስ ይዣለሁ።

አንድ ሕግ ግን አለ፤ ቀድመህ ንገራቸው። ቆሞ የሚሄድ ሰው ይዤ ሞተር አላስነሳም። ይህ የኔ ሳይሆን የባሕሩ ሕግ ነው፤ በሽማግሌም አይሻርም። ጋሼ ኃይለመስቀል ሊከራከሩ ቢነሱ ጉዳያቸው በጽሑፍ እንደተሰማ፣ የአዛዧም ፊርማ እንዳለበት አስረዳቸው። የጀልባዋ ነጂም፣ ያቺው አጥፍታለች ያሏት ልጃቸው፣ በትሕትና ተቀመጡ ብላለች በላቸው።

ልጅህ ሄራን
ጀልባ ነጂ